በሞቴ የሚጠጣ ጭማቂ

ወንድሜ ደውሎ «ድንኳን አገኘሁ» ሲለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በእኛ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድንኳን የተፈለገው እናታችን ያረፈች ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም የደወለልኝ እሱ ነበር። የዛሬው ድምፁ ግን የደስታ ነው። «ለካምፒንግ ነው እኮ» አለኝ። ለምን እንደሆነ ሳይናገር ድንኳን ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሐዋሳ ውስጥ ከእሱ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ወንድሜ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ሞባይል ይሸጣል፣ ይጠግናልም። ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚያየው ቪዲዮ አለ፤ ደህና ቤት ያላቸው ሰዎች ቤታቸውን ትተው ሜዳ ላይ ሲያድሩ የሚያሳይ። ይህን አይቶ አይቶ፣ አባታችንን ቡሹሎ ሐይቁ ዳር ወስደን ብናሳድረው ይሻለዋል የሚል ሐሳብ መጣለት። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሜዳ ላይ በማደር የሚድን በሽታ እንዳለ አላውቅም። ግን የማውቀውን ሁሉ ሞክሬ ጨርሼ ስለነበር እሺ አልኩ።

የአባታችን ችግር አለመጠጣት ነው። አረቄ ማለቴ አይደለም፣ ውሃ ነው። ሻይም፣ ወተትም፣ ሾርባም ያው ነው። በዚህ በጋ መግቢያ ላይ ወንድሜ ለምሳ ወደ ቤት ሲመለስ ጓሮ ወድቆ አገኘው። ሆስፒታል ወስደን ግሉኮስ ተሰካለት፤ ሁለት ከረጢት ከጨረሰ በኋላ ዓይኑን ገልጦ «ማንን አስቸገርኩ?» አለ። ሐኪሙ እኔንና ወንድሜን ኮሪደር ላይ አቁሞ በግልጽ ነገረን። ኩላሊቱ ደክሟል፤ በአግባቡ ካልጠጣ በሚቀጥለው ጊዜ ግሉኮሱ ላይመልሰው ይችላል። እኔ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሰው ስዬ የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው እያልኩ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቤቱ ስሄድ ደግሞ አባቴ እየደረቀ ይጠብቀኛል።

ውሃ ጠልቶ አይደለም። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ጨርቃ ጨርቅ የነገደ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ዋጋ እሺ ብሎ አያውቅም፣ የመጀመሪያውን ግብዣም እንዲሁ። «ጠጣ» ሲሉት «በቅቶኛል» ይላል። ይህ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ደግመው ሲሉት «አሁን ጠጣሁ እኮ» ይላል። እናቴ ይህን ጊዜ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዛ «በሞቴ» ትለዋለች። እሱም እንግዲህ ምን ይደረግ በሚል ፊት ተቀብሎ እስከ ታች ይጨልጠዋል። ሲጨርስ ጠምቶት እንደነበር ከአተነፋፈሱ ያስታውቅ ነበር።

በእኛ አገር ሰው ማብላትና ማጠጣት የሚፈልግ ሰው የራሱን ሞት ማንሳት አለበት። «በሞቴ» አለ፣ «አፈር ስሆን» አለ፣ «እኔ ልሙት» አለ። እናቴ ሦስቱንም በአንድ ምሳ ትጨርሳቸው ነበር። እንግዳ የመጣ ቀን ደግሞ አስር ጊዜ ትሞታለች። እንዲህ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በአንድ ጉርሻ ምክንያት በየቀኑ ስትሞት የኖረች ሴት አንድ ቀን ከምሯ ሞተች።

ከዚያ በኋላ ቃሉን ያነሳው የለም። ማንም አልከለከለንም። ግን ድንኳኑ ከበራችን በተነሳ ማግስት አባቴ ፊት ብርጭቆ ይዤ ቆሜ «በሞ...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ውስጥ ቀረ። ሞት ገብቶ በወጣበት ቤት ሞትን ለሻይ መጥራት አልቻልኩም። ወንድሜም ያው ነው። እሱ በምትኩ «እባክህ» የሚለውን ያዘ። «እባክህ» ባንክ ቤት በመስኮት የሚባል ነገር ነው፤ አባቴ በዚህ አይበገርም። እኔ ደግሞ «ሐኪሙ ብሏል» እላለሁ። «ሐኪሙ ይጠጣ» ይለኛል። ሁለታችንም የሚያስፈልገውን ቃል እናውቀዋለን፤ ሁለታችንም አንለውም። አባታችን በጨዋነቱ ሊሞትብን ነበር።

ቦታው የወንድሜ ደንበኛ የሆነ ገበሬ መሬት ነው፤ ከማሳው አልፎ ሐይቁ ዳር ሣር የበቀለበት። ሰውየው እንድናድር ሲፈቅድ አንድ ነገር ብቻ ከለከለ፦ እሳት። የበልጉ ዝናብ ገና አልጣለም፣ ሣሩ ደርቋል፣ የገለባው ክምርም ቅርብ ነው። ስለዚህ ሻይ የለም፣ የሚሞቅ የለም፣ የሚበስልም የለም። «ፍራፍሬ ጨምቀን እንጠጣለን» አለ ወንድሜ፤ «ቪዲዮውም ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።» እኔም ሳስበው ነገሩ ከውሃ ይሻላል አልኩ። ጣፋጭ ነገር ከሆነ ምናልባት አባቴ ሳያስበው ይጠጣው ይሆናል።

ሐዋሳ ውስጥ ጁስ ማለት በማንኪያ የሚበላ ነገር ነው። አቮካዶው ታች፣ ማንጎው መሃል፣ ፓፓያው ላይ ተደራርቦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይመጣል፤ ማንኪያው መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ያለ ማሽን፣ ማሽኑም ያለ መብራት አይሆንም። እኛ የምንሠራው ቀጭን ነገር ነውና ጭማቂ ልበለው። ገበያ ወርጄ አናናስ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ዝንጅብል ገዛሁ። ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩ። ከዚያ የእናቴን ሙቀጫና ዘነዘና ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

ወንድሜ ታቦር፣ አባታችን ቤት፣ በባጃጅ ሊወስደኝ መጥቶ ሙቀጫውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ካምፒንግ እኮ ቀለል ብሎ ነው የሚኬደው» አለኝ።

«አናናሱን በምንህ ልትጨምቀው ነው?»

«በእጅ ይጨመቃል።»

አናናስ በእጁ ጨምቆ እንደማያውቅ ከአነጋገሩ ገባኝ። እሱ ራሱ ታጣፊ ወንበሮች፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ረጅም ገመድና የተበደረውን ድንኳን ይዟል። አባታችንን ከቤቱ ስናሳፍረው ጋቢውን ተከናንቦ መሃላችን ተቀመጠ። የባጃጁ ሹፌር የድንኳኑን ዘንጎች፣ ሙቀጫውንና ሽማግሌውን በመስታወት አየና «ለቅሶው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ «ለቅሶ አይደለም፣ ልንዝናና ነው» አለው። ሹፌሩ አባታችንን አንዴ ደግሞ አየው፤ እስከ ቡሹሎ ድረስም ሌላ ቃል አልተናገረም።

ድንኳኑ ተተከለ። ሰማያዊ ነው፣ ጎንበስ ካላሉ አይገባበትም። አባቴ በሩ ላይ በተዘረጋለት ወንበር ተቀምጦ ሐይቁን ማየት ጀመረ። ውሃው እዚያ ነው፣ እንዳለ፣ ለጥ ብሎ፤ ከፊቱ ያ ሁሉ ውሃ ተዘርግቶ የአባቴ ከንፈር ግን ተሰነጣጥቋል። ጥቂት ራቅ ብሎ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል።

«ጉማሬ አለ?» አለ አባቴ።

«እዚህ ጋ አይወጣም» አለው ወንድሜ።

«ማን ነገረህ?»

«ባለመሬቱ።»

«እሱ እዚህ ያድራል?»

ወንድሜ ሥራ እንጀምር አለ።

ቢላ አልመጣም። እኔ እሱ ይዟል ብዬ፣ እሱ እኔ ይዣለሁ ብሎ። ወንድሜ ኪሱን ፈትሾ ስልክ የሚከፍትባትን ቀጭን ምላጭና ጠፍጣፋ መፍቻ አወጣ፤ እነዚህ ከእሱ አይለዩም። ያ አናናስ ለተበላሸ ስልክ የሚደረገው ሁሉ ተደረገለት። ዙሪያው በምላጭ ተፈለቀቀ፣ በመፍቻ ተገነጠለ፣ ተነፋበት፣ ወደ ብርሃን ዞሮ ታየ። ሲያልቅ ሥጋው ከልጣጩ ጋር ግማሽ ግማሹን ተካፍሎ ነበር። የተረፈውን እኔ ሙቀጫው ውስጥ ጨምሬ መውቀጥ ጀመርኩ። ድምፁ ሐይቁን ተሻግሮ ይመለሳል። ይህን ጊዜ አንዲት ጦጣ ከኋላችን መጥታ አንዱን ማንጎ፣ ደህናውን መርጣ፣ ይዛ ሄደች። አባቴ አይቷታል። «ለምን አልነገርከንም?» ስንለው «ርቧት ይሆናል» አለ።

የተወቀጠውን አናናስ ከማንጎው ጋር በእጄ አሸሁት። ወንፊትም አልመጣም። የነጠላዬን ጫፍ በውሃ አለቅልቄ በእሱ አጠለልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያ ነጠላ ለቤት ብቻ ሆኗል። ብርቱካኑንና ሎሚውን ጨመቅኩበት፣ ዝንጅብሉን ወቅጬ ጨመርኩ፣ ትንሽ ስኳር፣ ከዚያ ግማሽ በግማሽ የሟሟውን በረዶ ውሃ። በጆግ ሲታይ ያምራል። ቢጫ ነው፣ ላዩ ላይ አረፋ አለው፣ ጆጉም ከውጭ አላበው። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ወንድሜ ቀመሰው። ትንሽ አሰበ።

«ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል» አለ።

«ዝንጅብሉ ነው።»

«ዝንጅብልማ አውቃለሁ።»

ቀመስኩት። ነጭ ሽንኩርት ነው። ሙቀጫውን ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ግን እናቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥበት የኖረች ናት፣ እንጨቱ ጠጥቶታል። በእንጨትና በነጭ ሽንኩርት መካከል የተደረገውን እኔ በሁለት እጥበት ላፈርሰው አልችልም። ወንድሜ «ማሽን ኪራይ ይገኝ ነበር» አለ። «መብራቱንስ ከጉማሬው ልትጠልፍ ነበር?» አልኩት። እሱ «ቢላውን ረስተሽ» አለ፣ እኔም «ገመድ ይዞ ቢላ የሚረሳ» አልኩ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ አባታችን ዞርን፤ የመጣነው ለዚህ ነበርና።

ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠሁት።

«በቅቶኛል» አለ።

«አባዬ፣ ገና ምን ጠጣህና?»

«ጠዋት ጠጣሁ እኮ።»

ጠዋት የጠጣው ከንፈሩን ያራሰበትን ያህል ነው፤ እኔው ነበርኩ የሰጠሁት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «እባክህ፣ አባዬ» አለው። የባንክ ቤቱ መስኮት እንደ ልማዱ ተዘግቷል። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። ሦስተኛው ግብዣ ነው፣ ቃሉ የሚባልበት ቦታ እዚሁ ነው፣ አባቴም አውቆ እየጠበቀ እንደሆነ ከእጁ ገባኝ፤ ከጋቢው ሥር ትንሽ ወጣ ብላ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ሐኪሙ...» አልኩ።

«ሐኪሙ ይጠጣ» አለ። እጁም ተመልሳ ገባች።

ጆጉን ሣሩ ላይ ዘጭ አደረግኩት። ተናደድኩ። በእሱ፣ በወንድሜ፣ በአናናሱ፣ አንዲት ቃል ማውጣት ባቃተው አፌ ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ያለው ግን ፍርሃት ነበር። በጋው ገና አላለቀም፤ ይህ ሰው እንዲህ ተቀምጦ፣ እንዲህ ጨዋ እንደሆነ፣ ዓይኔ እያየ ሊሄድብኝ ነው። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። ወንድሜም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገጩን በመዳፉ ያዘ።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት ከሩቅ የሚያየን ሰው ያየው ይህን ነው። ድንኳን አለ። በሩ ላይ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ለፀሐዩ ብላ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ — ጫፉን ለማድረቅ ነው — ዓይኗን ትጠርጋለች። አንድ ጎልማሳ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ አገጩን ይዞ ተክዟል። እሳት አልነደደም። ማንም አይናገርም።

በእርሻው ዳር የሣር ሸክም ይዞ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ቆመ። ካየን በኋላ ሸክሙን ቀስ ብሎ አወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። እጁን አጣምሮ፣ እግሩን ሣብ ሣብ እያደረገ ወደ እኛ መጣ። ይህን አካሄድ እኔም ወንድሜም እናውቀዋለን፤ ባለፈው ዓመት በራችን ላይ ስንት ሰው እንዲህ ሲራመድ አይተናል።

«ጌታ ያጽናናችሁ» አለና ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

አባቴ ቀና ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ይህ መልስ በሰው አፍ ላይ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ነው፤ ሳያስቡት ይወጣል። ወንድሜ ነገሩን ሊያስረዳ ተነሳ። «የለም አባባ፣ እኛ እንኳን...» ሲል አባቴ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቀመጠው። ለቅሶ ብሎ ሸክሙን አውርዶ የተቀመጠን ሰው ሟች የለም ብሎ ማስነሳት ነውር ነው። ሰውየው እንደ ወጉ ዝም አለ። አባ ኮዳውም አልተንቀሳቀሰም።

ከቆይታ በኋላ ሰውየው ዙሪያችንን አየ። «እሳት እንኳን አላነደዳችሁም» አለ። በሐዘን ቤት እሳት እንደማይነድ፣ ምግብ ከጎረቤት እንደሚመጣ እሱም እኛም እናውቃለን። ወንድሜ የገለባውን ክምር አየ።

«ማን ነው ያረፈው?» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ አባቴ።

አሁን ጉዳችን ፈላ አልኩ በልቤ። አባቴ ወደ ሐይቁ ዞረ።

«ባለቤቴ» አለ።

«መቼ?»

«አምና። ከፋሲካ በፊት።»

ሰውየው ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል፣ ወይም ሸክሙን አንስቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ነገሩን በልቡ መዘነ፣ «እና ገና ነው» አለ። «እኔ የኔዋ ስትሞት ስንት ዓመት ሞኝ ሆንኩ። በሬ ጠምጄ ረስቼ ቤት እገባለሁ። ከዚያ ልጆች ሌላ ሚስት አጋቡኝ። እሷ ደህና ናት። ግን ያቺ ያቺ ናት።»

አባቴ «ያቺ ያቺ ናት» አለ። ከእናቴ ሞት ወዲህ አንድ ሰው የተናገረውን ደግሞ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ በየቀኑ ታቦር ድረስ የምመላለሰው ስለ ኩላሊቱ ልጠይቀው ነበር። ስለ እሷ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም፤ የማይነካ ነገር ነው ብዬ።

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ኮስተር አለ። «እንግዳ ተቀምጦ ዝም ትያለሽ? ስጪው እንጂ።»

ብርጭቆውን አንስቼ ለሰውየው ዘረጋሁለት።

«አይ፣ ይቅር» አለ። «ውሃ ጠጥቼ ነው ከቤት የመጣሁ።»

«ትንሽ ይቅመሱ» አለው አባቴ።

«አይ፣ በቃኝ። ለልጆች ይሁን።»

«በሞቴ» አለ አባቴ።

ወንድሜ ቀና አለ። እኔ የያዝኩት ብርጭቆ ትንሽ ፈሰሰብኝ። ቃሉን ያለው እንደ ምንም ነገር ነው፣ እንደ ድሮው፣ ሱቁ በር ላይ ደንበኛን ሻይ እንደሚጋብዝ። ሰውየው እንግዲህ ምን ይደረግ በሚል ፊት — ያንን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ — ተቀበለ። ተቀበለ እንጂ አልጠጣም። በሁለት እጁ ይዞ አባቴን ያየዋል።

«እርስዎ ሳይቀምሱ እኔ አልጠጣም» አለ። «ቀድሞ የሚቀምሰው ሐዘንተኛ ነው።»

«እኔ በቅቶኛል» አለ አባቴ።

«ከንፈርዎ ደርቋል።»

«አሁን ጠጣሁ እኮ።»

ሰውየው ብርጭቆውን ወደ አባቴ ገፋ አድርጎ «በሞቴ» አለው። ቡሹሎ ሐይቁ ዳር፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በአንድ አናናስ ምክንያት በየተራ ለመሞት ተስማሙ። አባቴ እጁን ከጋቢው አወጣ። ብርጭቆውን ተቀብሎ አየው። ከዚያ አነሳው፤ ሳያቋርጥ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ፣ እስከ ታች ጨለጠው። ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ። ያን አተነፋፈስ አምና እናቴ ይዛው የሄደች መስሎኝ ነበር።

ለሰውየው ሌላ ሞላሁለት፤ እሱም ጠጣ። ፊቱን ትንሽ ቋጠረ።

«ጥሩ ነው» አለ። «መድኃኒት አለው?»

«ነጭ ሽንኩርት ነው» አለው ወንድሜ።

«እሱ ለጉንፋን ነው» አለ ሰውየው፣ ገብቶት። ሐዘንተኛ ጉንፋን ቶሎ ይይዘዋል የሚል ሐሳብ ያለው ይመስለኛል።

ከአባቴ ጋር ስለ በልግ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጉማሬ አወሩ። ጉማሬው በእርግጥ እዚህ ጋ እንደሚወጣ የነገረን እሱ ነው፤ «ሲመሽ እዚችው ጋ ይግጣል» አለ፣ ድንኳናችን ያረፈበትን ሣር እያመለከተ። አባቴ ወንድሜን አየው። ሰውየው ሲነሳ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ሚስቱ ማምሻውን ቆጮ ይዛ እንደምትመጣ ነገረን፤ ሐዘን ላይ ባዶ ሆድ አይታደርም አለ። «አይቸገሩ» ስንለው «በሞቴ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ የሣር ሸክሙን አንስቶ ሄደ። ቆጮውም ማምሻውን በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ መጣ፤ ያን ጊዜ ድንኳኑን ነቅለን ወደ ገበሬው ግቢ አዛውረን ነበር።

እሱ ከዚያ በኋላ የሆነ ነው። ሰውየው እንደ ሄደ ግን እኛ ሦስታችን እንደነበርን ተቀመጥን። ባዶው ብርጭቆ አባቴ እጅ ላይ ነው፤ መሬት አላስቀመጠውም። ጆጉን አነሳሁ።

«ልጨምርልህ?»

«በቅቶኛል» አለ።

«ትንሽ።»

«አሁን ጠጣሁ እኮ።»

ይህን ጊዜ ግን እውነቱን ነበር። ወንድሜ አየኝ። ሐይቁን አየሁ፣ ጆጉን አየሁ፣ የእናቴን ሙቀጫ ሣሩ ላይ በጎኑ ወድቆ አየሁ። አልቅሼ እንዳላበላሸው ፈራሁ። ቢሆንም ቃሉ ወጣ።

«በሞቴ» አልኩት።

ድምፄ ትንሽ ጮክ ብሎ ነበር፤ አባ ኮዳው ተነስቶ በረረ። አባቴ ብርጭቆውን ዘረጋ። «ግማሽ ብቻ» አለ። ሙሉ ሞላሁለት። ጠጣ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ አፉን በጋቢው ጠረገ።

«ነጭ ሽንኩርት አለበት» አለ። «ሙቀጫው የእናትሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሲወርድ አውቄዋለሁ» አለ። ከዚያ ጆጉን ተቀብሎኝ ባዶውን ብርጭቆ ራሱ ሞላና ወደ እኔ ዘረጋው። «አንቺስ? ከጠዋት ጀምሮ ስትወቅጪ ምን ቀመስሽ?»

«በቅቶኛል፣ አባዬ።»

እውነትም ከዚያች ቅምሻ በቀር ምንም አልጠጣሁም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነኝ። ብርጭቆውን አፍንጫዬ ሥር አመጣው።

«በሞቴ» አለኝ።

ከእጁ ነጥቄ ጠጣሁት፤ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ የአናናሱን ልጣጭም፣ እስከ ታች።